«ተስማምቻለሁ»ን ከጫንን በኋላ፦ ስለ ግዴታ ግልግልና ስለ ጋራ ክስ ጥያቄና መልስ

እሺ፣ በቡድናችን ውስጥ እንደተባባልነው ዛሬ ለጥያቄ መላሹ እኔ ነኝ። ከመጀመራችን በፊት ልድገመው፤ ጠበቃ አይደለሁም። አሜሪካ ውስጥ የጠበቃ ቢሮ ፋይል ሳገላብጥ 14 ዓመት ሆኖኛል፣ ይሄ ግን የጥብቅና ፈቃድ አይሆንም። የማወራውም ስለ አሜሪካ ሕግ ነው፤ የምጠራቸው ዓመቶችም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ደግሞ ውላችሁን ሳታነቡ አትጠይቁኝ።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ የስልክ፣ የባንክ፣ የመተግበሪያ ውል መጨረሻ አካባቢ ሁለት አንቀጾች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱ «ብንጣላ ፍርድ ቤት አንሄድም፣ በግልግል ዳኛ እንጨርሳለን» ይላል። ሌላው «ከሌሎች ደንበኞች ጋር ተባብረህ አትከሰንም፣ ብቻህን ና» ይላል፤ የጋራ ክስ ክልከላ የሚባለው እሱ ነው። ሰው የመጀመሪያውን ይፈራል። የሚነክሰው ሁለተኛው ነው።

ሌሊት ሹፌር፦ ጋሼ፣ አዲስ የዕቃ ማድረሻ መተግበሪያ ላይ ከተመዘገብኩ አራት ሳምንት ሊሆነኝ ነው። ሁለተኛው ለምን ይብሳል? ብቻዬን ብከስ ምን ይጎድልብኛል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። እኔ ራሴ አንድ የኢንተርኔት ድርጅት በየወሩ የማላውቃት 4 ዶላር ሲጨምርብኝ 11 ወር ዝም ብያለሁ። በመጨረሻ ደወልኩ። 50 ደቂቃ ሙዚቃ ሰምቼ ስልኩን ዘጋሁት። 44 ዶላር ቀለጠች። ለእኔ ምንም አይደለም፤ በመቶ ሺህ ደንበኛ አባዙት።

ሕጉን የቀየረው ጉዳይም ከዚህ አይለይም። የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ ስልኩ ነፃ ነው ብሎ አስተዋውቆ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሽያጭ ታክስ ብሎ 30 ዶላር ከ22 ሳንቲም አስከፈለ። ኮንሴፕሲዮን የሚባሉ ባልና ሚስት ከሰሱ፣ ጉዳዩ ወደ ጋራ ክስ ተጠቃለለ። የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤቶች በዚያን ጊዜ «በብዙ ሰው ላይ ትንሽ ትንሽ ገንዘብ ለሚወስድ ድርጅት የጋራ ክስ መከልከል ፍትሕ አይደለም» የሚል አቋም ነበራቸው። በሚያዝያ 2011 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 ያንን ሻረው። ዳኛ ስካሊያ የጻፉት ምክንያት ባጭሩ፣ የ1925ቱ የፌዴራል የግልግል ሕግ ከግዛቱ ሕግ ይበልጣል ነው። ለ30 ዶላር ብቻውን ጠበቃ የሚይዝ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ በ14 ዓመት አንድም አላየሁም።

በ2013 ደግሞ ባሰ። አነስተኛ ነጋዴዎች የክሬዲት ካርድ ድርጅቱን አሜሪካን ኤክስፕረስን ከሰሱ። ጉዳዩን ለማስረዳት የባለሙያ ጥናት ያስፈልጋል፣ እሱ ብቻ ብዙ መቶ ሺህ ዶላር ይፈጃል። አንድ ነጋዴ ቢያሸንፍ የሚያገኘው ቢበዛ፣ በሦስት ተባዝቶም 38,549 ዶላር ነው። ፍርድ ቤቱ «አዋጭ አለመሆኑ መብቱን አያሳጣውም» አለ። በ2018 ለሠራተኞችም እንዲሁ ተወሰነ፤ ውልህ ከከለከለ፣ የደሞዝ ክስ ይዘህ ከባልደረቦችህ ጋር መቆም ቀረ።

ለምለም ከዴንቨር፦ ግልግል ማለት ሽምግልና ነው አይደል? ታዲያ ምን ክፋት አለው? ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አይጎዳም።

መልስ፦ አይደለም። ሽማግሌ ያስታርቅሻል፣ ካልተስማማሽ ተነስተሽ ትሄጃለሽ። የግልግል ዳኛ ይፈርድብሻል፣ አበቃ። ሕጉን በተሳሳተ መንገድ ቢተረጉም እንኳ ፍርዱን የማስቀልበስ ዕድልሽ በጣም ጠባብ ነው። ጉቦ፣ ማታለል፣ ግልጽ አድልዎ፣ ከሥልጣኑ ማለፍ፣ ይሄን የመሰለ ነገር ማስረዳት አለብሽ።

የጥንቱ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ በእኛ ባህል ግን ሽማግሌ የወሰነውን አልቀበልም ብሎ የሚሄድ የለም። በተግባር ሁለቱ አንድ ናቸው።

ሕግ ተማሪ፦ አንድ አይደሉም። አገር ቤት በእኛ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1237 ስሙ ራሱ «የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት» ነው። ሁለቱን ለይቶ ነው የሚጠራቸው።

የጥንቱ፦ አንተ ደግሞ አዋጅ ትጠቅሳለህ። አያቴ አዋጅ ሳያውቁ ስንቱን አስታርቀዋል!

ሕግ ተማሪ፦ አያትህን ደመወዝ የከፈላቸው ግን አንደኛው ተከራካሪ አልነበረም።

መልስ፦ በቃ፣ በቃ። አያቶቹን ተዉአቸው። ስለ ሽምግልና ሌላ ጥያቄ አልመልስም።

እኔም፦ ሰላም ጋሼ። ውሌ ላይ እንደዚህ የሚል ነገር ያለ ይመስለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አንብበው።

ሔለን፦ ጋሼ፣ «ከግልግል አንቀጹ መውጣት ይቻላል» ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? ከወጣሁስ አገልግሎቱን ይዘጉብኛል?

መልስ፦ ይሄን ስጠብቅ ነበር። ብዙ ውሎች መውጫ በር አላቸው፣ ሰው ግን አያየውም። አብዛኛውን ጊዜ ከተስማማሽበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ነው። «አርቢትሬሽን» የሚለውን ርዕስ ፈልጊ፣ ከዚያ ውስጥ «ኦፕት አውት» የሚለውን ቃል። አድራሻውን እዚያው ታገኚዋለሽ። አንዱ ኢሜይል ይቀበላል፣ አንዱ በፖስታ ካልመጣ አላየሁም ይላል። የተጻፈውን ልክ እንደተጻፈው አድርጊ። ስምሽን፣ የተመዘገብሽበትን ስልክና ኢሜይል አስገቢና አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፦ ከግልግል አንቀጹ መውጣት እፈልጋለሁ። ምክንያት አትዘርዝሪ። ስድብም አትጨምሪ፣ የሚጨምሩ አሉ።

ኢሜይል ከሆነ የላክሽበት ቀን የሚታይበት ስክሪንሹት ያዢ። ፖስታ ከሆነ በአደራ ላኪው፣ ደረሰኙን ከፓስፖርትሽ ጋር አስቀምጪ። ከሦስት ዓመት በኋላ «አልደረሰንም» ሲሉ የሚያድንሽ እሱ ነው። ደንበኛችን የነበረ አንድ ሰው ደብዳቤውን በ19ኛው ቀን ልኳል፣ ግን ማስረጃ የለውም። ድርጅቱ ማህደሩን ፈልጎ «የለም» አለ። ሰውየው እጁን እያወናጨፈ «በእናቴ ልኬያለሁ!» ይላል። እውነቱን ነበር። ማን ይስማው?

መዝጋቱን በተመለከተ፣ መውጫ ያለው ውል ብዙ ጊዜ «መውጣትህ አገልግሎቱን አይነካም» ብሎ ራሱ ይጽፋል። ያንን መስመር ፈልጊ። ውሉ ሲታደስም ዝም ብለሽ አትጫኚ፣ መውጫው ተቀይሮ ይሆናል።

ባለ ትራክ፦ እኔ የረጅም ርቀት ከባድ መኪና ነው የምነዳው። ባለንብረት ኦፕሬተር ነኝ፣ ተቀጣሪ አይደለሁም። ግልግሉ ያስረኛል?

መልስ፦ አንተ ዕድለኛ ነህ። የ1925ቱ ሕግ መርከበኞችን፣ የባቡር ሠራተኞችንና በግዛቶች መካከል ንግድ ላይ የተሰማሩ ሌሎች ሠራተኞችን ከራሱ ያወጣል። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0፣ ያ ነፃ መሆን እንዳንተ በራሱ የሚሠራውን ሹፌርም ይጨምራል ብሏል። በ2022 ደግሞ አውሮፕላን ላይ ጭነት የምትጭን ሠራተኛ ከሕጉ ነፃ ከሆኑት ውስጥ ገባች። ተጠንቀቅ ግን፣ የግዛትህ የግልግል ሕግ በሌላ በር ሊመጣ ይችላል። እሱን ጠበቃ ጠይቅ።

ኡበርና ሊፍት የምትነዱ፣ ደስ አይበላችሁ። ሰው የምታመላልሱትን የይግባኝ ፍርድ ቤቶች እስካሁን እዚያ ውስጥ አላስገቧችሁም። ከምግብ ቤት ወደ ጎረቤት ምሳ የሚያደርስም በ2020 የ7ኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት አላስገባውም። ከሌላ ግዛት የመጣ የአማዞን ዕቃ የመጨረሻዋን ጉዞ የሚያደርሱ ሹፌሮችን ግን ሁለት የይግባኝ ፍርድ ቤቶች በዚያው ዓመት አስገብተዋቸዋል። ዕቃው ከየት መጣ የሚለው ነው ልዩነቱ።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ እናቴን የአረጋውያን መንከባከቢያ እያስገባኋት ነው። 60 ገጽ ወረቀት ሰጡኝ፣ መሀል ላይ ግልግል አለ። ካልፈረምኩ አይቀበሏትም ብዬ ፈራሁ። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አትፈርሚ። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የሚባለውን የመንግሥት የጤና መድን የሚቀበል ተቋም ከሆነ፣ ከ2019 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ደንብ የግልግል ወረቀትን የመግቢያ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ አይችልም። ይህንንም ወረቀቱ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ፈርመሽ ከሆነም 30 ቀን አለሽ፣ መሻር ትችያለሽ። ሌላውን ፈርሚና ያንን ገጽ ባዶውን መልሺላቸው። ካጉረመረሙ «ደንቡን አሳዩኝ» በያቸው። ለእናትሽ ጤናውን ይስጥልን።

ነርሷ፦ አሜን። ዛሬውኑ እመልሰዋለሁ።

ዳዊት ቪ፦ ግሪን ካርድ ላይ ጥያቄ ነበረኝ።

መልስ፦ ሌላ ቀን፣ ሌላ ሰው።

እኔም፦ አነበብኩት። 30 ቀኑ አልፎኛል። አሁንስ?

መልስ፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው! ሦስት መንገድ አለህ። አንደኛ፣ ስሞል ክሌይምስ፣ ማለትም የትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት። አብዛኛው የሸማች ውል ትንንሽ ክሶችን እዚያ መውሰድ ይፈቅዳል። ሜሪላንድ እስከ 5,000 ዶላር፣ ዲሲ እስከ 10,000፣ ካሊፎርኒያ ለግለሰብ እስከ 12,500። ጠበቃ ሳትይዝ ራስህ ትቆማለህ። ሁለተኛ፣ የመንግሥት አቤቱታ። የፈረምከው አንተ እንጂ መንግሥት አይደለም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2002 አሠሪዎችን በሚመለከት ጉዳይ ይሄንኑ ብሏል። ለስልክና ለኢንተርኔት የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን (ኤፍሲሲ) ጋ ብታመለክት ድርጅቱ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መመለስ አለበት። እኔ በመጨረሻ 44 ዶላሬን ያገኘሁት እንደዚያ ነው። ሦስተኛ፣ ግልግሉን ራሱ ጀምረው። ለሸማች የማመልከቻው ክፍያ ብዙ ጊዜ በጥቂት መቶ ዶላር የተገደበ ነው፤ የዳኛውን ኩባንያው ነው የሚችለው።

ብሩክ ኤም፦ ኩባንያው ከከፈለ እኮ ሺህ ሰው አንድ ላይ ግልግል ቢጠይቅ…

መልስ፦ ብሩክ! ደረስክበት። «የጅምላ ግልግል» ይሉታል። የምግብ ማድረሻው መተግበሪያ ዶርዳሽ አድራሾቹን የጋራ ክስ ከልክሎ «አንድ በአንድ ኑ» አላቸው። መጡ። 5,010 ሰው አንድ በአንድ መጣ። ለእያንዳንዱ ፋይል ድርጅቱ 1,900 ዶላር ይከፍላል፤ ሲደመር 9.5 ሚሊዮን ገደማ። አሁን ዶርዳሽ ግልግሉን ጠላው፣ እንዲያውም የጋራ ክስ ውስጥ እንጨርሰው ማለት አማረው። የሳን ፍራንሲስኮው ዳኛ አልሰፕ በየካቲት 2020 «ራስህ የጻፍከውን ውል ፈጽም» አሉት። ያን ውሳኔ ሳነብ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ስቄያለሁ። በ2021 አማዞን ከ75,000 በላይ ጥያቄ ሲደርሰው አንቀጹን ጭራሽ አወጣው። በ2024 ቫልቭም አወጣ። የቪዲዮ ጌም የምትጫወቱ ታውቁታላችሁ።

ኩባንያዎቹም አልተኙም። አሁን «ብዙ ከሆናችሁ በቡድን በቡድን ተሰልፋችሁ ጠብቁ» የሚል ይጽፋሉ። የኮንሰርት ድርጅቱ ላይቭ ኔሽን ከዚያም አልፎ፣ በጥቂት ሰዎች ጉዳይ የተወሰነው ሌሎቹ ሳያዩት በእነሱም ላይ የሚሠራበት ደንብ አመጣ። የ9ኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2024 አልተቀበለውም።

የጥንቱ፦ የጋራ ክስ ምን ይጠቅማል ግን? ባለፈው 7 ዶላር ቼክ መጣልኝ። ጠበቆቹ ሚሊዮን በሉ።

ብሩክ ኤም፦ ዋናው ቼኩ አይደለም፣ ድርጅቱ መቀጣቱ ነው።

የጥንቱ፦ የማይመነዘር ቅጣት ለእኔ ምኔ ነው?

ሔለን፦ 7 ዶላሩን መነዘርከው ግን?

የጥንቱ፦ መነዘርኩት።

መልስ፦ የጥንቱ እውነት አለው፣ ጠበቃ ብዙ ይወስዳል። ግን ያ ክስ ባይኖር ድርጅቱ ያንን ገንዘብ ዛሬም እየወሰደ ነበር። ቀጥሉ።

ለምለም ከዴንቨር፦ የዲዝኒው ወሬ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ፍሎሪዳ ዲዝኒ ግቢ ባለ ምግብ ቤት በልታ በአለርጂ ሕይወቷ ያለፈ ሐኪም ነበረች። ባሏ ሲከስ፣ ዲዝኒ «በ2019 የፊልም ማሳያ አገልግሎታችንን ዲዝኒ ፕላስን ስትሞክር በግልግል ተስማምተሃል» ብሎ ተከራከረ። ሕዝብ ሲጮህ በነሐሴ 2024 ክርክሩን ተወው። ልብ በሉ፣ ተወው እንጂ አልተሸነፈም።

ሳሮን ከቶሮንቶ፦ ካናዳስ ጋሼ?

መልስ፦ የማወራው ስለ አሜሪካ ነው ብያለሁ። አንዲት ነገር ብቻ፦ የናንተ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 የኡበርን አንቀጽ ጥሎታል፣ ሹፌሩ ለመጀመር ብቻ 14,500 የአሜሪካ ዶላር ይጠየቅ ስለነበር።

ስሜ ይቆይ፦ ሥራ ቦታ ላይ ወሲባዊ ትንኮሳ ደርሶብኛል። ስቀጠር ግልግል ፈርሜ ነበር።

መልስ፦ እህቴ፣ በመጋቢት 2022 በወጣው ሕግ ምርጫው ያንቺ ነው፣ ፍርድ ቤት መሄድ ትችያለሽ። የጋራ ክስ ክልከላውም አያስርሽም። የጊዜ ገደብ ስላለ ዛሬ ጠበቃ ያዢ። እዚህ ዝርዝር አትጻፊ፣ በውስጥ መስመር አናግሪኝ፣ የምታናግሪው ሰው እሰጥሻለሁ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም። ግልግል ማለት ሽምግልና ነው?

መልስ፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ሌሊት ሹፌር፦ ጋሼ፣ አገኘሁት። ዛሬ 27ኛ ቀኔ ነው። ኢሜይል ይበቃል ይላል።

መልስ፦ ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ? ላክ!

ሌሊት ሹፌር፦ ላክሁ።

መልስ፦ ስክሪንሹቱስ?

ሌሊት ሹፌር፦ …ቆይ።