ጅማ ለምትሮጪው እህቴ፦ ደም ከመስጠትሽ በፊት ይህን አንብቢ

ትናንት ማታ የጻፍሽውን ጥያቄ ሁለቴ አነበብኩት። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ጅማ ነሽ። 5,000 ሜትር ትሮጫለሽ። ጠዋትና ማታ ልምምድ፣ ቅዳሜ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ ምግብ ከካፌ። «ሁሉንም እንዴት ላስኬደው? ሰሞኑን እግሬ እየከበደኝ ነው» ብለሻል። እኔም እዚያው ጅማ፣ ያንኑ ርቀት፣ እንደዚያው ሆኜ ነው ተምሬ የወጣሁት። ስለዚህ ውሃ ጠጪ፣ በጊዜ ተኚ የሚለውን አልደግምልሽም። አሰልጣኝሽ ይነግርሻል። እኔ አንድ ዓመት ያሳጣኝን ነገር ልንገርሽ።

1. ቅዳሜን ከልምምድ ቁጠሪው። እኔ ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ረጅም ሩጫዬን ወደ ጅሬን እሠራ ነበር። ዳገቱን ታውቂዋለሽ። ከመሃል ከተማ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሳንባ ይፈትናል። ከዚያ ልብሴን ቀይሬ በቀጥታ ወደ አገልግሎት። አቅመ ደካማ እናቶች ቤት እየዞርን ልብስ እናጥባለን፣ ውሃ እንቀዳለን፣ ግድግዳ እንለስናለን። እስከ 9 ሰዓት ቁጭ ብዬ አላውቅም። ይኼ ልምምድ ስላልሆነ አይቆጠርም ብዬ አስብ ነበር። እግር ግን ድካሙን እንጂ ምክንያቱን አይጠይቅም። ረጅሙን ሩጫ ወደ እሁድ አዙሪው። ቅዳሜ ወይ ዕረፍት፣ ወይ 40 ደቂቃ ቀላል ሩጫ፣ በቃ። አሰልጣኜ መጀመሪያ እምቢ ብሎኝ ነበር። የሳምንቱን ፕሮግራም በወረቀት ጽፌ ሳሳየው ተስማማ። አንቺም ጽፈሽ አሳዪው።

2. ራት። በእኛ ጊዜ ካፌው 1 ሰዓት ላይ ይዘጋ ነበር፣ ልምምድ የሚያልቀው ደግሞ 1 ከሩብ ላይ ነበር። የእናንተም እንደዚያው እንደሚሆን እገምታለሁ። ሰሃናችን እንዲቀመጥልን ለመጠየቅ ስንቴ እንደተመላለስን! የሰማን የለም። እኔን ያተረፈኝ እናቴ ከቤት የምትልክልኝ በሶ ነው። በማርና በውሃ በጥብጬ፣ ከሙዝ ጋር፣ ልብሴን ሳልቀይር። የጅማ ማር ደግሞ እዚያው ከገበያ ነው። አቮካዶም እንደዚሁ፤ በወቅቱ ርካሽ ነው፣ ያጠግባል። ዶርም ውስጥ ሁልጊዜ የተቀቀለ እንቁላልና ቆሎ ይኑርሽ። በዚህ ጎበዝ ነበርኩ፤ ርቦኝ ተኝቼ አላውቅም። እንዲያውም ያታለለኝ እሱ ነው። ከጠገብኩ ሰውነቴ የሚፈልገውን አግኝቷል ብዬ አምኜ ነበር።

3. ደም። ዋናው ይኼ ነው።

ሁለተኛ ዓመት ላይ የበጎ ፈቃድ ማህበራችን የደም ልገሳ አዘጋጀ። ቀስቃሿ እኔ ነበርኩ። ዶርም ለዶርም ዞሬ ብዙ ልጅ አስመዘገብኩ። ሰው አስመዝግቤ እኔ መቅረት አልቻልኩም፤ መጀመሪያ የተኛሁት እኔ ነኝ። ጣቴን ወግተው ለኩኝ፣ አለፍኩ። ከኪሎዬም ከደም ግፊቴም ችግር አልተገኘም። ግማሽ ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ደም ሰጠሁ። የግቢዎች ውድድር ማጣሪያ 9 ቀን ቀርቶት ነበር። ነርሷ «ስፖርተኛ ነሽ?» ብላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ደህና ነበርኩ። ለዚህ ነው ያልጠረጠርኩት። ፈሳሹ በአንድ ሁለት ቀን ይተካል፣ ስለዚህ አያዞርሽም። ኦክስጅን የሚሸከሙት ቀይ የደም ሕዋሳት ግን ወደ ቦታቸው ለመመለስ ሳምንታት ይፈልጋሉ፤ ከአንድ እስከ ሁለት ወር። ስትራመጂ አይታወቅሽም። ስትሮጪ ነው የሚታወቅሽ።

ማጣሪያው ላይ አምስተኛውን ዙር እስክጨርስ ከፊት ነበርኩ። ስድስተኛው ላይ እግሬ ተሳሰረ። ትንፋሽ አጠረኝ። ጥላኝ የማታውቅ ልጅ እየሳቀች አለፈችኝ። የራሴ ምርጥ ሰዓት 17 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነበር፤ ያን ቀን 18 ከ50 ገባሁ። ቡድኑ ውስጥ ሳልገባ ቀረሁ። አሰልጣኜ ልምምድ የተውኩ መሰለው፣ ለአንድ ወር በቅጡ አላናገረኝም። ያንን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በዚያው ቀን ደግሞ የሚድ ፈተና ነበረብኝ። ሜክአፕ፣ ማለትም ያመለጠኝን ፈተና በሌላ ቀን ለመፈተን፣ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባለ። የየትኛው ቢሮ እንደሆነ አልጠቅስም። አራት ቀን ተመላለስኩ። አንድ ቀን ማህተም ያዥዋ የለችም፤ አንድ ቀን ስብሰባ፤ አንድ ቀን «ነገ ነይ»። በአራተኛው ቀን ሰውዬው ቀና ብሎ ሳያየኝ «ያላለፍሽበት ውድድር ምን ደብዳቤ ያስፈልገዋል? ወይ ሩጪ ወይ ተማሪ» አለኝ። ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። የሮጥኩት በግቢው ስም ነው! ስለዚህ እህቴ፣ ደብዳቤውን ከውድድሩ በፊት ያዢ። ወጪ ቁጥርና ማህተም ይኑረው። አንዱን ግልባጭ ለመምህሩ በእጁ ስጪ፣ አንዱን ለራስሽ አስቀምጪ። አሰልጣኜ ያመጣልኛል ብለሽ እንዳትቀመጪ።

ወደ ደሙ ልመለስ። ከወር በኋላም ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ «የፈተና ጭንቀት ነው» ብሎ ሸኘኝ። አንዲት የጤና ተማሪ ጓደኛዬ ናት የዓይኔን ቆብ ገልብጣ አይታ «ገርጥቷል፤ ሄሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን ፌሪቲንም አስለኪ» ያለችኝ። ሄሞግሎቢኔ፣ ማለትም በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው፣ 11.1 ሆኖ ተገኘ። ለሴት ቢያንስ 12 መሆን ነበረበት። ፌሪቲኑ፣ ማለትም የተከማቸው ብረት፣ 9 ነበር። ሐኪሙ እንደነገረኝ ጎተራው ባዶ ነው። ደሙን ከመስጠቴ በፊትም ሳስቶ ነበር፤ ልገሳው የቀረውን ጠረገው። ጣትሽን ሲወጉሽ የሚታየው ሄሞግሎቢን ብቻ ነው፤ ጎተራው አይታይም። የወር አበባ አለ፣ ላብ አለ፣ በየቀኑ ኮሮኮንች ላይ መሮጥ አለ። በእነዚህ ሁሉ ለእኛ ለሴት ሯጮች ብረቱ ቶሎ ያልቃል።

«በቀን ሦስቴ እንጀራ እየበላሁ እንዴት?» አልኩት። ጤፍም ምስርም ሽሮም ብረት አላቸው። ግን ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ሰውነት የሚወስደው በጥቂቱ ነው። ከዚያ «ከምግብ በኋላ ምን ትጠጫለሽ?» አለኝ። እዚህ ላይ ነው የነቃሁት። ቁርስ ላይ ሻይ። ራት ላይ ሻይ። ቅዳሜ ደግሞ የምናገለግላቸው እናቶች ምሳ አቅርበው ወዲያው ቡና ያፈላሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ጅማ ነውና ቡና ሳይጠጡ መውጣት ነውር ነው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲሆኑ ብረቱን ይዘው እንዳይመጠጥ ያደርጉታል። ያችን ትንሽ ብረት በየቀኑ እያጠብኩ እጥላት ነበር።

ቡናውን አልተውኩትም፤ ከምግቡ አራቅኩት። ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል ሁለት። እናቶቹንም «እማዬ፣ ሐኪም ከልክሎኛል፤ ቡናው ይቅደም፣ ምሳውን ቆይተን እንብላ» አልኳቸው። አንዷም አልተቀየመችኝም፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ራሳቸው ያስታውሱኝ ነበር። ምስርና ጎመን ላይ ሎሚ እጨምቃለሁ፣ ወይ ከጎኑ ብርቱካን ወይ ፓፓያ እበላለሁ፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲመጠጥ ያግዛል። ሥጋ በወር ሁለት ሦስቴ፣ እናቴ ገንዘብ ስትልክልኝ። የብረት ክኒን ሐኪም አዞልኝ ሦስት ወር ወሰድኩ። ሳትመረመሪ ግን ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትውጪ፤ ብረት ሲበዛም ይጎዳል።

እግሬ ከበደኝ ያልሽው ለዚህ ነው የሚመስለኝ። በዚህ ሳምንት ሄሞግሎቢንም ፌሪቲንም አስለኪ። ደም አትስጪ ማለቴ አይደለም። በወሊድ ደም የሚፈሳት እናት የምትጠብቀው ያንን ከረጢት ነው፤ እኔም ያመንኩበት ሥራ ነው። ግን ውድድርሽ ካለፈ በኋላ ይሁን፣ ፌሪቲንሽን አይተሽ ይሁን፣ ስፖርተኛ መሆንሽንም ተናገሪ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ 17 ደቂቃ ከ04 ሮጬ ቡድኑ ውስጥ ገባሁ። ውድድሩ ካለቀ ሦስት ሳምንት ቆይቼ፣ ተመርምሬ፣ እንደገና ደም ለመስጠት ሄድኩ። አሰልጣኜ ነገሩን ከሰማ በኋላ አብሮኝ መጣ፤ አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ ተኝቶ እሱም ሰጠ። ውጤትሽ ሲደርስ ሁለቱንም ቁጥር ጻፊልኝ።