የቅጥር ቀኔን በገዛ ፊርማዬ ነው ያጠፋሁት

ሰላም ወንድሜ። «የምንሠራበት የትራንስፖርት ድርጅት ከሌላ ጋር ሊዋሃድ ነው፣ የሁለቱን ሠራተኞች በአንድ ላይ የደረደረ የአገልግሎት ዘመን ዝርዝር አምጥተው ፈርሙ እያሉን ነው፣ የስምሪት ተራዬስ? ልፈርም?» ብለህ ጠይቀሃል። ሹፌር መሆንህን አልጻፍክም፤ ግን ስለ ስምሪት ተራ የሚጨነቅ ሹፌር ብቻ ነው። ከትንሹ ድርጅት ወገን መሆንህም ያስታውቃል፤ ከትልቁ ብትሆን ኖሮ እንቅልፍህን ትተኛ ነበር። ስለዚህ የኔው ጉዳይ ነው ብዬ ልመልስልህ።

1. ከፊርማው በላይ ያለችውን ደቃቅ መስመር አንብባት። እኛ በ2013 ዓ.ም. ስንዋሃድ የሰጡን ቅጽ ርዕሱ «የሠራተኛ መረጃ ማሟያ» ነው የሚለው። ማንን ያስፈራል? ከታች ግን «ከላይ የተመለከተው የቅጥር ቀን ትክክል መሆኑን አረጋግጣለሁ» ትላለች። የቅጥር ቀን በሚለው ቦታ ለትንሹ ድርጅት ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ተሞልቷል፤ ሐምሌ 1 ቀን 2013። እኔ የተቀጠርኩት በ1999 ነው! የድሬን የክረምት ሙቀት ታውቀዋለህ፤ ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈን፣ እስክሪብቶው ከጠረጴዛው እግር ጋር በሲባጎ ታስሮ፣ ልጅቷ «ለደመወዝ ነው፣ ቶሎ ቶሎ በሉ» እያለች ማን ያነባል? ፈረምኩ። አሥራ አራት ዓመቴን እዚያች ሲባጎ ላይ ትቼ ሻይ ልጠጣ ወደ ከዚራ ወጣሁ።

ያወቅኩት ስድስት ወር ቆይቼ የዓመት ፈቃድ ስጠይቅ ነው። ወረቀቱ 16 ቀን ይላል። 16 የሥራ ቀን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ የሚሰጠው ነው፤ ከዚያ በላይ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ተሳስተዋል ብዬ ስሄድ ዝርዝሩን አሳዩኝ። እኔ 71ኛ ነኝ። አንድ ረዳቴ የነበረ ልጅ፣ ጎማ መፍታት እንኳ ያስተማርኩት፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ቀደም ብሎ ወደ ትልቁ ድርጅት ሄዶ ነበር፤ እሱ 19ኛ። ልጁ ምን አጠፋ? እስከዛሬ ሲያገኘኝ አንገቱን ይደፋል። ግን በዚያው ወር አዳዲስ መኪኖች ገቡ፣ ቁልፍ የሚሰጠው በተራ ነው፣ እሱ ኤሲ ያለው ተሳቢ ይዞ ወደ ደወሌ ሲወርድ እኔ መስኮቱ የማይዘጋ አሮጌ ይዤ ከኋላው አቧራውን እቅማለሁ። ቁጥር ብቻ ነው የሚልህን ሰው አትስማ አቦ።

2. በአፍህ አትሟገት። እኔን የበላኝ ይሄ ነው። ፐርሶኔል ስሄድ ኃላፊው ከስልኩ ቀና ሳይል «ይታያል» ይለኛል። በሁለተኛው ሳምንት «ኮሚቴ ተቋቁሟል»። ቀጥሎ «ዋናው መሥሪያ ቤት ልከነዋል»። አንድ ቀን ደግሞ «አንተ መኪና አለህ አይደል እንዴ፣ ቁጥር ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ይሄንን ሳልረሳው እሞታለሁ። እኔ ሞኙ ከእያንዳንዱ ጉዞ ስመለስ ገላዬን ሳልታጠብ እሱ በር ላይ ነኝ፣ አንዲት ደብዳቤ ግን አልጻፍኩም። ሲመረኝ በጥቅምት 2015 ክስ መሠረትኩ። ከፈረምኩ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል። የድርጅቱ ጠበቃ ስለ ቅጥር ቀኔ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ተነስቶ «በይርጋ ይታገዳል» አለ፣ ተቀመጠ። አለቀ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ይርጋው፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ በመደበኛው አንድ ዓመት ነው፤ ወደ ሥራ ልመለስ ለሚል ሦስት ወር፣ ለደመወዝና ለትርፍ ሰዓት ስድስት ወር። ሰዓቱን የሚያቋርጠው ለሚመለከተው ክርክር ሰሚ አካል ማመልከት ወይም አሠሪው መብትህን በጽሑፍ ማመኑ ነው። «ይታያል» የሚባለው ነገር አያቋርጠውም።

የሚያበግነኝ ደግሞ በጭብጡ ላይ ሕጉ ከኔ ጋር መሆኑ ነው። የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 16 ድርጅት ቢዋሃድ፣ ቢከፈል ወይም ባለቤት ቢቀይር የሥራ ውልህ አይለወጥም ይላል። ግን ልብ በል፤ ዓመትህና ተራህ ሁለት ነገር ናቸው። ዓመትህን ሕጉ ይጠብቅልሃል፤ በተቀላቀለው ዝርዝር ላይ ማን ከማን ይቅደም የሚለውን ግን ስምምነት ነው የሚወስነው።

አሜሪካ አውሮፕላን የሚያበር የአክስቴ ልጅ አለ፤ በስልክ ሳለቃቅስበት ሳቀብኝ። እነሱ ዘንድ ማን ካፒቴን እንደሚሆን፣ ማን ትልቁን አውሮፕላን እንደሚይዝ፣ ሥራ ሲቀንስ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ የሚወስነው ይሄው ዝርዝር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 አሜሪካን አየር መንገድ ቲደብሊውኤ የሚባለውን ሌላ አየር መንገድ ሲገዛ ብዙዎቹ የቲደብሊውኤ አብራሪዎች ከዝርዝሩ ግርጌ ተለጠፉ፤ በ2007 ዝርዝር ሲዋሃድ ፍትሐዊ ይሁን የሚል ሕግ የወጣው በዚያ ጦስ ነው። ዩኤስ ኤርዌይስና አሜሪካ ዌስት የሚባሉ አየር መንገዶች ደግሞ በ2005 ተዋሃዱ። የመጀመሪያዎቹ በዕድሜም በቁጥርም ይበልጣሉ፣ «በቅጥር ቀን ይሁን» አሉ፤ የኋለኞቹ «ቤታችሁ እየፈረሰ መጥታችሁ በላያችን ልትቀመጡ ነው?» አሉ። በ2007 ገላጋይ ዳኛው ከላይ የተወሰኑትን ለይቶ ሌላውን በስብጥር፣ ማለትም የሁለቱን ወገን እያቀላቀለ፣ ደረደረው። ብዙኃኑ ምን አደረጉ? በ2008 በድምፅ ብልጫ የአብራሪዎቹን ማኅበር ራሱን ቀየሩት! ዝርዝሩ ሥራ ላይ ሳይውል ከአሜሪካን አየር መንገድ ጋር የሚዋሃዱበት የነሱው 2013 ደረሰ። ያ ሁሉ የተማረ ካፒቴን። እኔና አንተ ብዙኃን አይደለንም፣ ገባህ? አሁኑኑ፣ ሳትዋሃዱ፣ ማኅበራችሁ በቅጥር ቀን ነው ወይስ በስብጥር የሚለውን በጽሑፍ ያስቋጨው። ጥያቄው የሁላችሁም ከሆነ የወል ክርክር ነው፣ መንገዱ በአስማሚና በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ በኩል ነው፤ እኔ እንዳደረግኩት ለብቻህ ተነጥለህ አትሩጥ።

ሦስተኛውን ልጽፍ ስል ከሁሉም በፊት መምጣት የነበረበት እሱ መሆኑ ታየኝ። ዛሬ፣ ነገ ሳትል፣ ከአሁኑ ድርጅትህ የሥራ ልምድ ማስረጃ አውጣ፤ በነባሩ ማኅተም። ከውህደቱ በኋላ ያ ማኅተም ይሰበሰባል፣ ማኅደሮቹም በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው ይጋዛሉ፤ የኔ ፋይል እንደዚያ ሄዶ ግማሹ አልተመለሰም። ማስረጃው በጠየቅክ ጊዜ ሁሉ በነጻ ሊሰጥህ ግዴታቸው ነው። «ልትለቅ ነው እንዴ?» ይሉሃል፤ ይበሉ። እኔ ክሱን ከተረታሁ በኋላ ነው የጠየቅኩት። ሦስት ሳምንት አመላልሰው ሲሰጡኝ የቅጥር ቀን የሚለው ላይ ምን ተጽፏል? 1999! ከነቲተሩ፣ ከነማኅተሙ። ያን ወረቀት በዓመቱ ውስጥ ይዤው ቢሆን ኖሮ በጽሑፍ አመኑ ማለት ነበር። ቢያንስ የፈቃድ ቀኔን በሱ አስመልሻለሁ፣ ያውም ጠበቃ ሳልይዝ። ተራዬ ግን እንደሄደ ቀረ።

አባቴ ሸሚኖ፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ ነበር፤ ለገሃር ነው ያረጀው። ከቅጥር ደብዳቤው ጀምሮ ያለውን ወረቀት ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፣ እኛ ልጆቹ ደግሞ እንስቅበት ነበር።

መፈረም ግድ ካሉህ አብሮኝ የተሰለፈው ጓደኛዬ ያደረገውን አድርግ። በእጁ «በቅጥር ቀኑ አልስማማም፣ የተቀጠርኩት በ2001 ነው» ብሎ ጽፎ ከሥሩ ፈረመ፣ በስልኩ ፎቶ አነሳው፣ በማግስቱ ደብዳቤ ጽፎ ኮፒው ላይ የገቢ ማኅተም አስመታ። ልጅቷ «ቅጹን አበላሸህብኝ» ብላ ጮኸችበት። በዚያች ወረቀት ተሟግቶ ዛሬ 23ኛ ነው፣ ከኔ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ተቀጥሮ።

ቅጹን ፎቶ አንስተህ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ስምህን ሸፍነው። ዓርብ ደወሌ ነኝ፣ ኔትወርክ ካገኘሁ እዚያው አየዋለሁ፤ ካልሆነ ቅዳሜ ማታ። እስከዚያ እስክሪብቶ እንዳትነካ።