ጉበት በሙቀት ሲታከም ጥንካሬውን በአልትራሳውንድ መከታተል፦ ጥያቄና መልስ

የጉበት ዕጢን በመርፌ ሙቀት ስለማቃጠልና ሂደቱን በኢላስቶግራፊ (የሥጋን ጥንካሬ በሚያሳይ የአልትራሳውንድ ምስል) ስለመከታተል የጠየቃችሁኝን በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ መርፌውን የሚያስገባው በአልትራሳውንድ እያየ ነው። ታዲያ ሌላ ምስል ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ መርፌው የት እንደደረሰ በደንብ ይታያል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የራዲዮ ፍሪኩዌንሲ ወይም የማይክሮዌቭ መርፌ ዙሪያውን ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያደርሰው ውሃው ይተንና አረፋ ይፈጠራል። አረፋው በምስሉ ላይ እንደ ነጭ ደመና ይታያል፤ ከበስተኋላው ያለውንም ይጋርዳል። ያንን ደመና «የተቃጠለው ይህ ነው» ብሎ ማንበብ ያሳስታል፤ አረፋው ከተቃጠለው ቦታ አልፎ ሊሄድ ይችላል፣ ቆይቶም ይጠፋል። አረፋው ከጠፋ በኋላ ደግሞ የበሰለውና ጤናማው ጉበት የሚመልሱት ድምፅ ስለሚቀራረብ ድንበሩን መለየት ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ጥንካሬውስ እንዴት ይለያል?

መልስ፦ ከ60 ዲግሪ በላይ ፕሮቲኑ በሰከንዶች ውስጥ ይረጋል፣ ህብረ ሕዋሱም ይጠጥራል። ጤናማ ጉበት 5 ኪሎፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) ገደማ ሲሆን የበሰለው የዚህን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ጆናታን ኦፊርና ባልደረቦቹ በ1991 ያሳዩት ዘዴ ቀላል ነው፦ አካሉን ትንሽ ተጭኖ፣ ከመጫኑ በፊትና በኋላ የተመለሰውን ድምፅ ማነጻጸር። ለስላሳው ይጨመቃል፣ ጠጣሩ እምብዛም። ጉበት ግን ከጎድን አጥንት ስር ስለሆነ ከውጭ መጫን አይመችም። ስለዚህ ራሱን መርፌውን በጥቂቱ ማንቀሳቀስ ተሞከረ፤ የበሰለው ሥጋ ከመርፌው ጋር ስለሚጣበቅ አብሮት ይንቀሳቀሳል። እኔ በጣም የምወደው መፍትሔ ይሄ ነው። ሌላው መንገድ በድምፅ ግፊት ተሻጋሪ ሞገድ (በሥጋው ውስጥ ወደ ጎን የሚጓዝ ንዝረት) አስነስቶ ፍጥነቱን መለካት ነው፤ ጠጣር ሥጋ ውስጥ ፈጥኖ ይሄዳልና። የጥንካሬው ስሌት የፍጥነቱን ካሬ ስለሚወስድ በሴኮንድ 1.3 ሜትር 5 ኪሎፓስካል ሲሰጥ፣ 3 ሜትር ግን 27 ይሰጣል።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ሙቀቱን ይለካል ማለት ነው?

መልስ፦ አይለካም። የሚያሳየው ሙቀቱ ያደረሰውን ለውጥ ነው። ሙቀቱ ራሱ የድምፅን ፍጥነት ስለሚቀይር ስሌቱን ሊያሳስት ይችላል፤ ያውም ውሃ በበዛበት ሥጋ ፍጥነቱ ሲጨምር ስብ ውስጥ ይቀንሳል። ስብ የበዛበት ጉበት ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ያልጠጠረው ሁሉ ተርፏል ማለት ነው?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ እንዲታወቅልኝ የምፈልገው ይሄንን ነው። ሕዋስ ለመሞት መጠጠር አያስፈልገውም። በ50 ዲግሪ አካባቢ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል፤ በ43 ዲግሪም 240 ደቂቃ ያህል ከቆየ እንዲሁ። ስለዚህ በጠጣሩ ክፍል ዙሪያ የሞተ ግን ያልጠጠረ ቀለበት አለ፤ ምስሉ የሞተውን አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። አሳንሶ መገመት አብዝቶ ከመገመት ይሻላል፤ ዕጢ ሳይቃጠል ቀርቶ «አልቋል» ከማለት ያድናልና። ዓይናችሁን ከ3 ሚሊሜትር የሚሰፋ የደም ስር ባለበት በኩል አታንሱ። ደሙ እየፈሰሰ ሙቀቱን ስለሚወስድ ዕጢው የሚተርፈው እዚያ ነው። በዕጢው ዙሪያ ቢያንስ 5፣ ቢቻል 10 ሚሊሜትር ጤናማ ጉበት አብሮ እንዲቃጠል የሚፈለገውም ዳር ዳሩ ስለሚያሰጋ ነው።

ጥያቄ፦ ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳ) ያለበት ጉበትስ?

መልስ፦ ዙሪያው አስቀድሞ ስለጠጠረ ልዩነቱ ይጠባል። ከሕክምናው በፊት መለካትና ከዚያ ጋር ማነጻጸር ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ትንፋሽ ምስሉን አያበላሸውም?

መልስ፦ ያበላሻል። ሲለካ ትንፋሽ ለአፍታ ይያዛል።

ጥያቄ፦ አባቴ ይህን ሕክምና ሊያደርጉ ነው። ይህ ምስል ከተነሳ ሲቲ ስካን ይቀራል?

መልስ፦ አይቀርም እህቴ። ዕጢው መጥፋቱ የሚረጋገጠው ምስሉን የሚያጎላ ንጥረ ነገር በደም ስር ተሰጥቶ በሚነሳ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ። የጥንካሬው ምስል የሚጠቅመው መርፌው ገና ሳይወጣ ነው፤ የቀረ ቦታ ከታየ እዚያው ይጨመራል፣ አባትሽም ለሁለተኛ ጊዜ አይወጉም። ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድላቸው።