ክራሩን የተወው ልጄ ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመዋል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው አዳማ ነው። ባለቤቴ በድንገት ሐዋሳ ሥራ ስላገኘ ከ3 ሳምንት በኋላ ጓዛችንን ጠቅልለን እንሄዳለን። የ9 ዓመት ልጃችን ክራር መማር ከጀመረ 2 ዓመት ሆኖታል። መሄዳችንን ከሰማ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እምብርቱ አካባቢ ያመዋል፤ ሌሊት ይባንናል፤ ክራሩን ከነካ ሳምንት አልፎታል። ሰገራውና ሽንቱ ተመርምሮ ደኅና ነው ተብሏል። አባቱ «ከትምህርት ቤት ለመቅረት ነው» ይላል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ልጁ ያስመስላል ብዬ አላምንም። አንጀት የራሱ ሰፊ የነርቭ መረብ ያለውና ከአንጎል ጋር ዘወትር የሚገናኝ አካል በመሆኑ፣ የተጨነቀ ልጅ ሆዱን በእርግጥ ይቆርጠዋል፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ «ጨነቀኝ» ማለት ስለሚከብደው እጁን እምብርቱ ላይ ያደርጋል። ሆኖም ሌሊት የሚቀሰቅሰው ቅዠት ሳይሆን ራሱ ሕመሙ ከሆነ፣ ሕመሙ ወደ ቀኝ የሆዱ ግርጌ ከዞረ፣ ወይም ትኩሳት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ሰገራ ላይ ደም ወይም የክብደት መቀነስ ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። እነዚህ ከሌሉ ቀለል ባለ ሕመም ከትምህርት ቤት አያስቀሩት፤ በቀረ ቁጥር መመለሱ ይከብደዋል። የሕመም ማስታገሻም በየጠዋቱ አይስጡት።

እኔን ከሆዱ ይልቅ ያሳሰበኝ ክራሩ ነው። የአንድ ሳምንት መተው ኩርፊያ ሊሆን ይችላል፤ 2 ሳምንት ካለፈና ምግብም ጨዋታም ካስጠላው ግን የድባቴ ምልክት ሊሆን ስለሚችል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይየው። እስከዚያው ለምን እንደተወው በእርጋታ ይጠይቁት። ክራሩ ከዕቃው ጋር ተጭኖ ይሰበራል ብሎ ፈርቶ፣ ወይም መምህሩን ከድቶ የሚሄድ መስሎት ይሆናል፤ እኛ ትልልቆቹ እንዲህ ያለውን ነገር አናስበውም።

የሚሄዱበትን ቀን አባቱ ራሱ ቁጭ ብሎ ይንገረው፤ ልጁ እንዳይጨነቅ ተብሎ በሹክሹክታ የሚወራ ነገር ይበልጥ ያስጨንቀዋል። «ሐዋሳን ትወደዋለህ» እያሉ አያጣድፉት። ክራሩም ከፍራሽና ከቁም ሳጥን ጋር አይጫን፤ ክሮቹን ራሱ አላልቶ፣ በጋቢ ጠቅልሎ፣ መኪና ውስጥ ጭኑ ላይ ይዞት ይሂድ። በደረሳችሁበት ምሽት ድስቱ ከካርቶን ሳይወጣ እሱ ክራሩን ይቃኝ። ትዝታ ሆዱን ያባባዋል ብላችሁም አትከልክሉት፤ ማልቀስ ካለበት በዚያው ያልቅስ። የተለማመደውን በቴሌግራም ቀድቶ ለአዳማው መምህሩ ቢልክ፣ አዲስ መምህር እስኪገኝ ድረስ ትምህርቱ አይቋረጥበትም። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ስለሚያስፈልገው፣ በጓዝ ማሰሩ ግርግር መካከልም የመኝታ ሰዓቱ አይዛባ።

ከገባችሁ ከአንድ ወር በኋላ ሕመሙ ካልቀለለው በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም ያሳዩት፤ የአዳማውን የምርመራ ውጤትም ይዘው ይሂዱ።