ናኖዋየር ስለማብቀል ጠይቁኝ

ባሕር ዳር ነኝ፤ ለብርሃንና ለጋዝ ሴንሰር የሚሆን የዚንክ ኦክሳይድ ናኖዋየር፣ ማለትም በዓይን የማይታይ እጅግ ቀጭን ሽቦ፣ አበቅላለሁ። ያሻችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ውድ ማሽን ሳይኖር ይቻላል?

በደንብ! ዚንክ አሲቴት በኢታኖል አሟሙተህ መስታወት ላይ ቅባና 350 ዲግሪ አካባቢ አግለው፤ ሽቦው የሚበቅልበት ዘር እሱ ነው። ከዚያ ዚንክ ናይትሬትና ሄክሳሚን የተባለ ኬሚካል እኩል፣ 25 ሚሊሞላር (በሊትር 25 ሚሊሞል) ያህል፣ ውሃ ውስጥ አሟሙተህ መስታወቱን በፊቱ ደፍተህ 90 ዲግሪ ላይ ለጥቂት ሰዓት ተወው። ካልደፋኸው ውሃው ውስጥ የሚፈጠረው ነጭ ዝቃጭ ላዩ ላይ ይከመርብሃል።

ጥያቄ፦ ዘሩን ብዘለውስ?

ይበቅላል፣ ግን እንደ አረም ወዲያና ወዲህ ተጋድሞ።

ጥያቄ፦ ውሃዬ ሁሌ ይንተከተካል፣ ለምን?

የከፍታው ጉዳይ ነው እህቴ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ምድጃሽ ትንሽ ካለፈ አለቀ። የምድጃውን ቁጥር አትመኚ፣ ቴርሞሜትር ውሃው ውስጥ ክተቺ።

ጥያቄ፦ ሴንሰሩ ፀሐይ ካየ በኋላ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠኑ) ቶሎ አይመለስም። ተበላሽቶ ነው?

አይደለም፣ ጠባዩ ነው። ጨለማ ውስጥ የአየሩ ኦክስጅን ሽቦው ላይ ተለጥፎ ኤሌክትሮን ይይዝበታል፣ ሬዚስታንሱም ከፍ ይላል። ከ370 ናኖሜትር ገደማ ያጠረ ብርሃን፣ ማለትም አልትራቫዮሌት፣ ሲያርፍበት ኦክስጅኑ ይለቅና ኤሌክትሮኑ ነፃ ይወጣል። መብራቱን ስታጠፋ ታዲያ ኦክስጅኑ ተመልሶ እስኪለጠፍ መጠበቅ ነው፤ አንዳንዴ ሰዓታት ይፈጃል። ማሞቅ ያፋጥነዋል።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር የሚበሰብሰው እምቦጭ የሚያወጣውን የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሽታ ይለይልኛል?

ለብቻው አይለይም። ዚንክ ኦክሳይድ ለአልኮልም ለሌላውም ጋዝ ይንቀሳቀሳል፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። ለዚህ ጋዝ መዳብ ኦክሳይድ ይሻላል፤ ሰልፈሩን ወስዶ ኤሌክትሪክ በደንብ ወደሚያስተላልፍ መዳብ ሰልፋይድ ይለወጣል፣ በተለይ ከቆርቆሮ ኦክሳይድ ጋር ሲጣመር ለውጡ ትልቅ ነው። ማብቀሉም ቀላል ነው፦ የጸዳ የመዳብ ሉህ አየር ባለው ምድጃ ውስጥ 500 ዲግሪ አካባቢ ለጥቂት ሰዓት ብትተወው ራሱ ያበቅላል። የሚያስቸግርህ እርጥበቱ ነው። ሐይቁ ዳር የውሃ ትነቱ ራሱ ንባቡን ስለሚያዛባው፣ የእርጥበት መለኪያ ከጎኑ አስቀምጥና በደረቅም በእርጥብም አየር ለየብቻ ለካ፤ በበጋ ብቻ ያስተካከልከው ሴንሰር ክረምት ሲገባ ይዋሽሃል።