ስለ ሜኑ ጠይቁ፦ በፓይተንና በቲኪንተር ለምትሠሩ

የዴስክቶፕ ፕሮግራም በፓይተን የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ መስኮቱን የሚሠራው በቲኪንተር፣ ማለትም በፓይተን የመስኮት መሥሪያ ላይብረሪ ነው። ክፍያ የለውም፤ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። አዝራርና የጽሑፍ ሣጥን ላይ እምብዛም አይቸገርም፤ ሜኑ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች አይቻቸዋለሁ፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። የኮዱን ስሞች እዚህ የምጽፋቸው እንደምንጠራቸው ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሙ ገና ሲነሣ የፋይል መክፈቻው ራሱ ብቅ ይላል። ዘግቼው ሜኑውን ስጫን ደግሞ ምንም አይፈጠርም።

መልስ፦ «ኮማንድ» ላይ (ምርጫው ሲጫን የሚጠራው ፋንክሽን የሚሰጥበት ቦታ ነው) የፋንክሽኑን ስም ከነቅንፉ ጽፈኸዋል። ቅንፍ ካለ ፓይተን ፋንክሽኑን እዚያው ይጠራዋል፤ ለሜኑው የሚደርሰው ፋንክሽኑ የመለሰው ነገር፣ ማለትም «ነን» (ባዶ ዋጋ) ነው። ቅንፉን አንሣው፤ ሁለቱም ችግር አብሮ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በቅርብ የተከፈቱ ፋይሎችን በፎር ሉፕ ሜኑ ላይ ደረደርኳቸው። ስማቸው በትክክል ይታያል፤ የትኛውንም ብጫን ግን የሚከፈተው የመጨረሻው ነው። ላምዳ (ስም የሌለው አጭር ፋንክሽን) ተጠቅሜአለሁ።

መልስ፦ ላምዳ መጠቀምሽ ልክ ነው። ግን ላምዳ የሚይዘው የቫሪያብሉን ስም እንጂ በዚያ ቅጽበት የነበረውን ዋጋ አይደለም። ተጠቃሚው ሲጫን ሉፑ ካለቀ ቆይቷል፤ በስሙ ላይ የቀረው የመጨረሻው ፋይል ነው፤ ሁሉም ላምዳዎች ሄደው የሚያነቡት እሱን ነው። በእያንዳንዱ ዙር ዋጋውን ለማስያዝ ለላምዳው ፓራሜትር ከነመነሻ ዋጋው ስጪው፦ «ላምዳ ፒ=ፋይል፦ ክፈት(ፒ)»። መነሻ ዋጋ የሚሰላው ላምዳው ሲፈጠር ስለሆነ እያንዳንዱ የየራሱን ይዞ ይቀራል። ፈንክቱልስ ከሚባለው የፓይተን ሞጁል የሚመጣው «ፓርሻል»ም ያንኑ ይሠራል። እኔ ፓርሻልን እመርጣለሁ፤ ነገ ኮዱን የሚያነብ ሰው ምን እንደታሰበ ቶሎ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ከሜኑው አናት ላይ ያለችው የነጠብጣብ መስመር ምንድን ናት?

መልስ፦ ሜኑውን ገንጥሎ ለብቻው መስኮት ማድረጊያ ናት። «ቲርኦፍ»ን ዜሮ አድርጊውና ትጠፋለች። ካልጠፋች ዜሮኛውን ቦታ ራሷ ስለምትይዝ በቁጥር የምትጠሪያቸው ምርጫዎች ሁሉ በአንድ ይዛነፋሉ።

ጥያቄ፦ ከ«አስቀምጥ» ጎን በ«አክሰለሬተር» ኮንትሮል ኤስ ብዬ ጽፌአለሁ። ይታያል፤ ቁልፉን ስጫን ግን አይሠራም።

መልስ፦ አክሰለሬተር ጽሑፍ ማሳያ ብቻ ነው። ቁልፉን የሚያዳምጠው «ባይንድ» ነው፤ እሱን ለብቻው መጻፍ አለብህ። ባይንድ ፋንክሽኑን ሲጠራ ኢቨንት (ስለተጫነው ቁልፍ መረጃ የያዘ ነገር) ያቀብለዋል፤ ሜኑው ግን ምንም አያቀብልም። ስለዚህ ፋንክሽኑ «ኢቨንት=ነን» ብሎ ይቀበል፤ ለሁለቱም ይሆናል። የማስቀመጫውን ኮድ ለሜኑው አንድ ጊዜ፣ ለቁልፉ አንድ ጊዜ፣ ለአዝራሩ አንድ ጊዜ እየገለበጡ የሚጽፉ አሉ፤ እባካችሁ አታድርጉት። ሥራው አንድ ፋንክሽን ውስጥ ይቀመጥ፤ ሜኑውም፣ ቁልፉም፣ አዝራሩም እሱኑ ይጥሩ። ካፕስ ሎክ ሲበራ አይሠራም ላላችሁ ደግሞ፣ ትንሿ ኤስና ትልቋ ኤስ ለቲኬ (ቲኪንተር ከሥሩ ለሚጠቀምበት መሣሪያ) የተለያዩ ስለሆኑ ሁለቱንም ባይንድ አድርጉ።

ኮንትሮል ኦ ላይ የሚገጥመው ችግር ከዚህ የከፋ ነው። የፋይል መክፈቻው ይመጣል፤ ጽሑፉ ውስጥ ግን ሳይታሰብ ባዶ መስመር ይጨመራል። የቲኬ የጽሑፍ ሣጥን ለኮንትሮል ኦ ከመጀመሪያውም የራሱ ሥራ አለው፤ ጠቋሚው ባለበት አዲስ መስመር ይከፍታል። ቁልፍ ሲጫን ቲኬ መጀመሪያ ሣጥኑን ራሱን፣ ቀጥሎ የሣጥኑን ክላስ (የጽሑፍ ሣጥኖች ሁሉ የሚጋሩትን)፣ ከዚያ መስኮቱን፣ በመጨረሻ «ኦል»ን (ለሁሉም የሚሠራውን) ያያል። ባይንዱን መስኮቱ ላይ ካደረጋችሁት ተራው የሚደርሰው መስመሩ ከገባ በኋላ ነው። ሣጥኑ ላይ አድርጉትና ፋንክሽኑ «ብሬክ» የሚል ስትሪንግ ይመልስ፤ ቀሪዎቹ አይጠሩም።

ጥያቄ፦ ምንም ጽሑፍ ሳይመረጥ «ቁረጥ» እና «ቅዳ» እንዲደበዝዙ እፈልጋለሁ። ምርጫው በተለወጠ ቁጥር ሜኑውን ማደስ አለብኝ?

መልስ፦ የለብህም። ለሜኑው «ፖስትኮማንድ» ስጠው፤ ሜኑው ሊከፈት ሲል አስቀድሞ ይጠራል። እዚያ ውስጥ የተመረጠ ነገር መኖሩን አይተህ በ«ኤንትሪኮንፊግ» ስቴቱን «ኖርማል» ወይም «ዲስኤብልድ» ታደርጋለህ። ይህን ፋንክሽን ቀላል አድርገው፤ ኔትወርክ ወይም ትልቅ ፋይል የሚነካ ከሆነ ሜኑው ተጭኖም አልከፈት ይላል።

የማይሠራውን ከናካቴው ብንደብቀውስ ለሚለው፣ እኔ በፍጹም አልመክርም። ተጠቃሚው የሜኑውን ቦታ በእጁ ይለምደዋል፤ ትናንት ሦስተኛ የነበረው ዛሬ ሁለተኛ ከሆነ ያልፈለገውን ይጫናል። የደበዘዘ ምርጫ ግን ነገሩ እንዳለና አሁን እንደማይቻል ይነግረዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሜኑው ላይ ማደብዘዝህ አቋራጭ ቁልፉን አያግደውም። ባይንዱ ሜኑውን አያውቀውምና ማጣሪያው ፋንክሽኑ ውስጥም ይኑር።

ጥያቄ፦ በቀኝ ክሊክ የሚመጣው ሜኑ ከማውሱ ርቆ፣ ወደ ስክሪኑ ጥግ ይወጣል።

መልስ፦ ሜኑውን ለሚያወጣው «ቲኬ ፖፕአፕ» የሰጠሽው ኢቨንት ኤክስና ዋይን ነው፤ እነሱ የሚለኩት ከሣጥኑ ጥግ ነው። «ኤክስ ሩት»ን እና «ዋይ ሩት»ን ስጪው፤ ከስክሪኑ ጥግ ይለካሉ። በቲኬ 8.6 ማክ ላይ ቀኝ ክሊክ የሚመጣው በተን 3 ሳይሆን በተን 2 ሆኖ ነው፤ ለማክም የምትሠሪ ከሆነ አስቢበት።

ጥያቄ፦ ሜኑውን ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ማድረግ ይቻላል? ከአልት ጋር የሚሠራውስ የተሰመረበት ፊደል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ቢደረግም ደስ ይለኛል። የፓይተን 3 ስትሪንግ ዩኒኮድ ስለሆነ «ፋይል» ብለህ እንደወረደ ትጽፋለህ። ፎንቱ ከሌለ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ይታያል፤ ሊኑክስ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጫን። አስቸጋሪው የሚሰመርበትን ፊደል የሚወስነው «አንደርላይን» ነው። በብዙዎቻችን ኪቦርድ «ፋ» የሚጻፈው በሁለት ቁልፍ ነው፤ ከአልት ጋር በአንድ ምት አይወጣም። ጃፓኖች ለዚሁ ችግር ያደረጉትን እኛም ማድረግ እንችላለን፦ ከራሳቸው ቃል ቀጥሎ በቅንፍ አንዲት የላቲን ፊደል ያስቀምጣሉ፣ መስመሩም እሷ ሥር ይሆናል። ለ«ፋይል» ኤፍን፣ ለ«እገዛ» ኤችን ብትሰጥ ከሌሎች ፕሮግራሞች የለመደው ሰው አይቸገርም። በተጨማሪም ምርጫዎቹን በኮድ ውስጥ በጽሑፋቸው አትጥራቸው፤ ነገ ትርጉሙን ስታስተካክል ማደብዘዣው ይሰበራል።

ጥያቄ፦ ማክ ላይ ሜኑው ከመስኮቴ ወጥቶ ስክሪኑ አናት ላይ ሄደ።

መልስ፦ ትክክል ነው፣ አትታገለው። የማክ ልማድ ከ1984 ጀምሮ እንዲህ ነው። ማውሱ የስክሪኑን ጫፍ አልፎ ስለማይሄድ ተጠቃሚው ሳያነጣጥር ወደ ላይ ቢገፋው ሜኑው ላይ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ በቼክበተን የሠራሁት «መስመር ቁጥር አሳይ» የሚለው ምርጫ መነሻው ላይ ምልክት አይታይበትም፣ ዋጋውን ግን ትሩ ብዬ ሰጥቼዋለሁ።

መልስ፦ ቡሊያንቫሩን (የምርጫውን ዋጋ የሚይዘውን ቫሪያብል) ፋንክሽን ውስጥ ፈጥረሽ ትተሽዋል። ፋንክሽኑ ሲያልቅ ፓይተን ያጠፋዋል፤ ከሱ ጋር ቲኬ ውስጥ ያለውም ዋጋ ይሄዳል። «ሴልፍ» ላይ፣ ማለትም ፋንክሽኑ ሲያልቅም በሚቆየው ኦብጀክት ላይ አስቀምጪው፤ ምልክቱ ይታያል።