ቱታውን ከመግዛታችሁ በፊት
በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ለተሰማሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ከባሕር ዳርም ሆነ ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃችሁ በየፋብሪካው፣ በየባንኩና በየመሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብት አስተዳደር ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ አንዳንዶቻችሁ ሰሞኑን አንድ ዓይነት ጥያቄ ታመጡልኛላችሁ። አለቆቻችሁ የሠራተኛውን ጤና ለመጠበቅ «ዌልነስ ፕሮግራም» የሚባል ነገር እንድታዘጋጁ አዝዘዋችኋል፤ ጥቂት በጀትም ተይዟል፤ ሠራተኛው ምን ቢደረግለት ይወዳል ነው ጥያቄው። እኔ ከ1986 እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የዱቄትና የብስኩት ፋብሪካ መጀመሪያ በጸሐፊነት፣ በኋላም በፐርሶኔል ኃላፊነት ሠርቻለሁ። በዚያ ዘመን ዌልነስ የሚል ቃል ሰምተን ባናውቅም ነገሩን ግን ሞክረነዋል፤ መጀመሪያ የሞከርነውም በጣም ተሳስተን ስለ ነበር መልሴን ከዚያው ስሕተት እጀምራለሁ።

አንድ ዓመት ሥራ አስኪያጁ ከአንድ ስብሰባ ሲመለሱ «ሠራተኞቻችን ስፖርት ይሥሩ» አሉ። እኔም ደስ ብሎኝ ሰማያዊ ቱታ ከነስሙ አሳተምሁ፤ የመረብ ኳስ መረብ ገዛሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም በግቢው ሜዳ እንዲገኝ ማስታወቂያ ለጠፍሁ። ይህ ሳይበቃኝ የቀሩትን ሰዎች ስም የሚመዘግብ ሰው መደብሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሜዳው ሞላ። በአራተኛው ቅዳሜ የመጡት እነዚያው ከዱሮም ጀምሮ በየዓመቱ ለሠራተኞች ውድድር የሚሰለፉት ልጆች ብቻ ነበሩ። ቱታዎቹን ብዙም ሳይቆይ በየሠራተኛው ታናሽ ወንድም ላይ ከተማ ውስጥ አየኋቸው።

ይህ የእኛ የባሕር ዳር ድክመት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 4,834 ሠራተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን የጤና ምርመራና ልዩ ልዩ የጤና ትምህርት ከማበረታቻ ገንዘብ ጋር አቅርበው፣ ሌላውን ወገን እንደ ነበረ ትተው ተከታትለዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ፕሮግራሙ በሠራተኞቹ የሕክምና ወጪም ሆነ በአኗኗራቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ሌላው ግኝት ነው፤ በፕሮግራሙ ለመሳተፍ የሚመጡት ሰዎች ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊትም ከሌሎቹ ይልቅ ጤነኞችና ለሕክምና ትንሽ የሚያወጡ ነበሩ። የእኔ የመረብ ኳስ ቡድን ማለት ነው። በዚያው ዓመት የወጣ፣ በአንድ ትልቅ የችርቻሮ ድርጅት 160 መደብሮች ውስጥ በሚሠሩ 32,974 ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናትም እንዲሁ ሰዎቹ ስፖርት እየሠራን ነው ማለታቸው ቢጨምርም፣ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ የደም ግፊታቸውም፣ ከሥራ የመቅረታቸውም ነገር እንዲህ ያለ ፕሮግራም ካልቀረበላቸው እንዳልተለየ አረጋግጧል።

ሠራተኛው ታዲያ ምን ይፈልግ ነበር? ይህን ለማወቅ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ጠየቅሁም፤ ነገር ግን አጠያየቁን አላወቅሁበትም። መጠይቅ አባዝቼ በየክፍሉ ኃላፊ እጅ በተንሁት። ስሙ ባይጻፍበትም ፎርማኑ የሚሰበስበው ወረቀት ላይ እውነቱን የሚጽፍ የጎጃም ሰው እስካሁን አልተወለደም። አብዛኛው «ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ይላል። ከነዚያ ሁሉ ወረቀቶች መካከል ግን አንዱ ላይ «ድርጅቱ ስለ እግራችን እንደሚያስብ ያወቅነው ሰርቪሱ የቀረ ዕለት ነው» የሚል ተጽፎ አገኘሁ። ለብዙ ቀን ምስጋና መስሎኝ ነበር፤ የቅኔ አገር ሰው ሆኜ ወርቁን ሳላየው በሰሙ ማለፌ እስካሁን ያሳፍረኛል። በኋላ ከማሸጊያ ክፍል አንዲት ሴት ቢሮዬ ለሌላ ጉዳይ ስትመጣ ስለ ቅዳሜው ስፖርት ብጠይቃት፣ «ጋሼ፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ካርቶን ሳነሣ ውዬ፣ ማታ አራት ሰዓት ላይ እስከ አባይ ማዶ በእግሬ የምገባ ሰው ነኝ እኮ። ስፖርት ያነሰኝ ይመስልዎታል?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የከሰዓቱ ፈረቃ የሚያልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ሰርቪሱ ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ከመሀል ከተማ እንዳያልፍ ተወስኖ ነበር፤ ውሳኔው ላይ የእኔም ፊርማ አለበት። ከዚያ ወዲያ ያሉት ሴቶች ተጠባብቀው፣ ጫማቸውን በፌስታል ይዘው፣ ድልድዩን በቡድን እየተሻገሩ ይገባሉ፤ ባጃጅ ቢገኝ እንኳ የሚጠይቀው ሒሳብ ከቀን ደመወዛቸው የሚቆረስ ነው። መረቡንና ቱታውን የገዛንበት ገንዘብ ሰርቪሱን ለስንት ወር ወዲያ ማዶ ሊያደርስ ይችል እንደ ነበር ሒሳቡን ስሠራው አላማረኝም። ሰርቪሱ እንዲመለስ ለማድረግ ሰባት ወር ፈጀብኝ። በነዚያ ወራት የተማርሁት ትልቁ ነገር፣ ሠራተኛ ስለ ጤናው ሲጠየቅ የሚመልሰው ስለ ሥራው መሆኑን ነው። እኛ ሰውየውን ልንጠግን እንመጣለን፤ እርሱ ግን ሥራው እንዲጠገንለት ይለምነናል።

ይህን ከወፍጮ ክፍሉ በላይ ያስረዳኝ የለም። የዱቄት ብናኝ ለዓመታት የተነፈሰ ሰው አስም ሊይዘው ይችላል፤ ይህ በሕክምናው ዓለም ከዱሮ ጀምሮ የታወቀ ነው። ምልክቱም ሰውየው በእረፍት ቀኑና በዓመት ፈቃዱ ሻል ሲለው፣ ወደ ሥራ ሲመለስ ደግሞ ማሳልና ማፈኑ እንደገና ሲነሣበት ይታወቃል። (የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው ሕመም በተቃራኒው ከእረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ነው ደረት የሚያጨንቀው፤ ጨርቃ ጨርቅ ላይ የምትሠሩ ልብ በሉ።) እኛ ታዲያ ምን እናደርግ ነበር? ወተት እንሰጥ ነበር። ለአንድ ሰው በፈረቃ ግማሽ ሊትር። ወተት አቧራን ከሳንባ ያጥባል የሚለው እምነት በፋብሪካዎቻችን ሥር የሰደደ ቢሆንም የተጠጣ ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይደለም። ደግሞም ረቡዕና ዓርብ፣ በተለይም በ55ቱ የዓቢይ ጾም ቀናት የሚጠጣው አልነበረም፤ ወደ ልጆች ይሄዳል፤ በዚህ እኔ ቅሬታ የለኝም። በዚህ መካከል ግን ሠራተኞቹ ከፈረቃ ሲወጡ ልብሳቸውን የሚያራግፉት አየር በሚነፋ የኮምፕሬሰር ጎማ ነበር፤ ተራ ይዘው ይቆማሉ፤ አንዱ የሌላውን ጀርባ ይነፋለታል፤ ክፍሉ ጉም ይመስላል፤ ቀኑን ሙሉ ከተነፈሱት የሚብስ ብናኝ በዚያች ሩብ ሰዓት ይገባቸዋል። ሲነፋፉ ይሳሳቃሉ። እኔም በመስኮት እያየሁ ስንት ዓመት አብሬ ስቄያለሁ። የከረጢቱ መሙያ አፍ ላይ ብናኝ የሚስብ መሣሪያ እንዲገጠምና የሥራ ልብሱ እዚያው ግቢ እንዲታጠብ ለማድረግ የተነሣነው አንድ አንጋፋ የወፍጮ ሠራተኛ ደረጃ መውጣት ካቃተው በኋላ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው ልምጣ፤ ሁላችሁም የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ ቀን ማዘጋጀት ትወዳላችሁና። ምርመራ መልካም ነው፤ ብዙ ሰው ግፊት እንዳለበት ሳያውቅ ይኖራል። ነገር ግን ሠራተኛው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀውን፣ ጮክ ብሎ ግን የማይጠይቀውን ጥያቄ ሳትመልሱ አትጀምሩ፤ ውጤቱን ማን ያየዋል? እኛ ባደረግነው የመጀመሪያ ምርመራ የውጤቱ ዝርዝር በእኔ ጠረጴዛ ላይ መጣ። መምጣቱ አንድ ጥፋት ነው፤ እኔ ደግሞ ለክፍል ኃላፊዎች «ለጥንቃቄ» ብዬ አሳየሁት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግፊት የተገኘበት አንድ የምድጃ ኦፕሬተር ቀለል ያለ ሥራ ይሻለዋል ተብሎ ወደ መጋዘን ተዛወረ፤ የሌሊት ፈረቃ ክፍያውን አጣ። ለደግ ተብሎ የተደረገ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ለምርመራ የመጡት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እነርሱም የቢሮ ሰዎች ናቸው። ሰውየውን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ሥራው ግን አልተመለሰለትም። ስለዚህ ምርመራ ስታደርጉ መርማሪው ከውጭ ይምጣ፤ ውጤቱ በተመርማሪው እጅ ብቻ ይቅር፤ እናንተ ጋ ቁጥር እንጂ ስም አይድረስ።

ሠራተኛ ሕመሙን የሚደብቀው አላዋቂ ስለሆነ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ እስከ 6 ወር ይደርሳል፤ ነገር ግን ሙሉ ደመወዝ የሚከፈለው የመጀመሪያውን ወር ነው፤ የሚቀጥሉት ሁለት ወሮች በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ ናቸው። ቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ይህን ሒሳብ ከእናንተ በተሻለ ያውቀዋል።

ስለ ጭንቀትም ትጠይቁኛላችሁ፤ በተለይ ባንክና ቢሮ ያላችሁ። የምክር አገልግሎት ሰጪ ባለሙያ መቅጠር የሚቻል ከሆነ በጎ ነው። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተደረገውን የዋይትሆል ጥናት ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ10,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለው ሁለተኛው ዙር፣ በሥራው ላይ የመወሰን ዕድል የሌለው ሰው በልብ ሕመም የመያዝ አደጋው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ብዙ የሚደክመው አለቃው ነው የምንለው ነገር አልጸናም፤ በሹመት እርከን ዝቅ ባለ ቁጥር ጤናውም እየተጓደለ የሚሄደው የበታቹ ነበር። የሰዓቱ ብዛትም ራሱ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ ይጨምራል። ኦቨርታይም የምትፈርሙ ልጆች ይህን ቁጥር አትርሱት።

በእኛ ቤት ይህ «የመወሰን ዕድል» የሚባለው ነገር የተገለጠው በፈረቃ ሠሌዳ ነበር። ሠሌዳው የሚለጠፈው እሑድ ማታ ነው፤ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ሌሊት ይግባ ቀን ይግባ አያውቅም። እቁቡ የሚወጣበትን ቀን፣ የእድር ስብሰባውን፣ ቢቸና ያለች እናቱን ሄዶ የሚጠይቅበትን ሰንበት ማቀድ አይችልም። ለቅሶ ሲደርስበት ሕጉ ለቅርብ ዘመድ የሚሰጠው 3 የሥራ ቀን ፈቃድ አለ፤ ነገር ግን ፎርማኑ «ተኪ ፈልግና ሂድ» ይለዋል። ሠሌዳው ከወር በፊት እንዲለጠፍና ሁለት ሰዎች ፎርማኑን አሳውቀው ተራ መለዋወጥ እንዲችሉ ስንፈቅድ አንዲት ሳንቲም አላወጣንም። ሥራ አስኪያጁ ግን ከቱታው ይልቅ ይህን ለመፍቀድ ብዙ ተሟገቱኝ፤ ገንዘብ መስጠት ሥልጣን ከመስጠት ይቀላል መሰለኝ። እዚህ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ስለ ሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና ባወጣው መመሪያ ከመከራቸው ነገሮች አንዱ አለቆችን ማሠልጠን መሆኑን ለአለቆቻችሁ በቀስታ ንገሯቸው፤ ከእናንተ ቢሰሙት ይሻላል፤ እኔ ስናገር ጡረተኛ ነው ይሉኛል።

ስለ ጤፍም አንድ ነገር ልበል፤ ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ። በጥር ወር፣ ጤፍ ከአውድማ በወጣ ሰሞን፣ ድርጅቱ በጅምላ ገዝቶ ለሠራተኛው በብድር ሰጥቶ ከደመወዝ በትንሽ በትንሹ ሲቆርጥ፣ በየቤቱ የሚወርደውን ጭንቀት የትኛውም ሥልጠና አያወርደውም። እኛ ይህን ስናደርግ «የጤና ፕሮግራም» ብለን አልጠራነውም፤ ሠራተኞቹ ግን ምን ይጨመር ሲባሉ ለብዙ ዓመት መጀመሪያ የሚጠሩት እርሱን ነበር።

በመጨረሻ የማጥቢያ ክፍሏን ነገር ላጫውታችሁ። ሕጉ ለወላድ የሚሰጠው 120 ቀን ነው፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90። ሐኪሞች ሕፃኑ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላሉ። በመካከል ያለው ሦስት ወር የት ይደረጋል? በእኛ ፋብሪካ የሚደረገው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነበር። አንዲት ልጅ ጡቷ ሞልቶ ነጭ ጋዋኗን አርሶት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ወተቷን ያለ ብርጭቆ ወደ እጅ መታጠቢያው ስታፈስ የጽዳት ሠራተኛዋ አይታ መጥታ ነገረችኝ። ከክሊኒኩ ጎን አንዲት የዕቃ ክፍል አስለቅቄ፣ ሁለት ወንበር፣ መጋረጃና የውኃ ባልዲ አስገብቼ፣ ቁልፉን እንዳይጠፋ በፐርሶኔል ቢሮ አስቀመጥሁት፤ የምትፈልግ ፈርማ ትወስዳለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ በመዝገቡ ላይ አንድም ፊርማ አልነበረም። ፈላጊ የለም ብዬ ክፍሏን ለዕቃ ልመልሳት ስል የክሊኒኳ ነርስ፣ «ጋሼ፣ ወንዶች የተቀመጡበት ቢሮ ገብታ ጡቴ ሞላ ብላ የምትፈርም ሴት ታውቃለህ?» አለችኝ። በማግሥቱ የበሩን ቁልፍ አስነቅዬ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ አስገጠምሁ። በዚያው ሳምንት ወንበሩ አነሰና ሦስተኛ አስመጣሁ።